ውድ ነው ብላለች

እናቴ ከእኔና ከአባቴ አስበልጣ የምትወደው ከተማ እንዳለ ያወቅሁት ሰኞ ቀን፣ ከራት በኋላ፣ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ጠረጴዛ ሥር ምን ታደርጊ ነበር ለሚለኝ፣ የወደቀ ላጲስ ስፈልግ ነበር። እውነቱን ለመናገር ላጲሱን ካገኘሁት ቆይቼ ነበር፤ ግን ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ ማንም ልጅ ላጲሱን ቶሎ አያገኝም።

«ውድ ነው» አለች እናቴ። «ውድ መሆኑን እኔም አላጣሁትም።»

«ታዲያ?» አለ አባቴ።

«ታዲያማ እንጃ። በጣም ውድ ከተማ ነው፤ ከአቅሜ በላይ ነው። ግን ደግሞ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ቁጭ ብል እሱ፣ ብነሳ እሱ።»

የአባቴ ጫማ ፊት ለፊቴ ነበር፤ የቀኝ እግሩ ተረከዝ ወለሉን ቀስ እያለ ይመታል። ከላይ እናቴ ሳለች። ጠረጴዛ ሥር መሆኔን ያወቀችብኝ መሰለኝ። በቤታችን እናቴ ከሳለች ወሬው ለልጅ ጆሮ አይሆንም ማለት ነው ብዬ ነበር የምተረጉመው። ሳሉ የጄሶ ብናኝ መሆኑን፣ የሥራ ቦታዋ አቧራ ሳንባዋ ውስጥ መከማቸት መጀመሩን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ጤነኛ ሰው ይህን ቢሰማ ስለ ኑሮ እንደሚወራ ይገባዋል። እኔም ከሳምንት በፊት ቢሆን ይገባኝ ነበር። ጥፋቱ የመምህራችን ነው እያልኩ ስንት ዓመት ሳማት ኖሬአለሁ፤ ነፍሷን ይማረውና ምንም ጥፋት የለባትም። ደብዳቤ አጻጻፍ ስታስተምረን ሰሌዳው ላይ «ለውድ አጎቴ» ብላ ጻፈችና «ውድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ቀልቃላዋ እጄን አውጥቼ «ዋጋው የማይቀመስ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አበደ። መምህሯም ጠመኔ በነካው እጇ አፏን ይዛ ከሳቀች በኋላ፣ «አጎትሽን ገበያ ልታወጪው ነው? ስሚ፤ የሚሸጥ ነገር ውድ ሲባል ዋጋው ነው። የማይሸጥ ነገር ውድ ሲባል ግን በጣም የምንወደው ማለት ነው» አለችኝ። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ «አጎትሽ ስንት ነው?» እያሉ ሲያናድዱኝ ከረሙ። እንዲህ ተዋርደው የተማሩት ነገር አይረሳም።

እና ከተማ ይሸጣል? አይሸጥም። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። እናቴን ፍቅር ይዟታል፤ የያዛት ደግሞ የከተማ ፍቅር ነው።

እናቴ ጥርስ ሠሪ ነበረች። ሐኪም አይደለችም፤ ሐኪሙ ፊት ለፊት ባለው ነጭ ክፍል ይነቅላል፣ እሷ ከኋላ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል የተነቀለውን ትተካለች። እኔ የከሰዓት ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት እዛው ክፍል ጥግ በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። መደርደሪያው ላይ የከተማችን ሰው ድድ በጄሶ ተቀርጾ፣ ቁጥር ተጽፎበት ተደርድሯል። ባለሱቁን፣ ፖስተኛውን፣ የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር በድዳቸው ነበር የማውቃቸው። ዳይሬክተሩ ሲቆጡን «እርስዎ እኮ ሃያ ሰባት ቁጥር ነዎት» ማለት ያምረኝ ነበር።

እናቴ ሮዙን ሰም በአልኮል ኩራዝ ታሞቅና ድዱ ላይ ትለብጠዋለች፤ ከዚያ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ትተክላለች። አንዱን ትንሽ ጠመም ታደርገዋለች። «ሁሉም ቀጥ ካለ ውሸት ይመስላል» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እስቲ ሳቂ፣ ወላቃዋ» ትለኛለች። ከፊት ሁለት ጥርስ ስላልነበረኝ ቤት ውስጥ ስሜ ወላቃዋ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ዶክተሩ ይወስደዋል፤ በግድግዳው በኩል ታካሚው «እጅዎ ይባረክ ዶክተር» ሲል፣ ዶክተሩም «አሜን» ሲል ይሰማናል። እናቴ «አሜን ማለቱስ ባልከፋ» ትልና ሞረዷን ታነሳለች።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ቀልድ አልነበረም። ወደ ሥራ ስንሄድ መንገድ ላይ ቆም ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስለ ደብዳቤው እዛ ትንፍሽ እንዳትዪ። ዶክተሩ ከሰማ ዛሬውኑ ነው የሚያባርረኝ።»

ደብዳቤው ከትልቁ ከተማ ሆስፒታል የመጣ ነበር። ዛሬም መሳቢያዋ ውስጥ አለ፤ አንብቤዋለሁ። የጥርስ ሥራ ክፍሉ ኃላፊ እንድትሆን፣ አራት ሰው ሥሯ አድርጋ እንድታሠለጥን፣ መልሷን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት በስልክ እንድታሳውቅ ይላል። ክፍሉ ሰፋፊ መስኮት እንዳለውና ብናኝ የሚስብ ማሽን እንደተተከለለት የሚናገር አንድ መስመር አለ፤ እናቴ ከሥሩ በእርሳስ አስምራበታለች። ያን ጊዜ ግን እኔ ደብዳቤ ሲባል የማውቀው አንድ ዓይነቱን ብቻ ነው፤ በ«ውድ» የሚጀምረውን።

ረፋዱ ላይ ዶክተሩ ገባና ያለቀ ጥርስ እያገላበጠ ወደ እኔ ዞረ። «እናትሽን ሰሞኑን ሐሳብ ይዟታል። ምን ሆናለች?»

እናቴ እጅ ላይ የነበረው ሰም ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ።

«ምንም» አልኩ።

«የወላቃ መልስ» ብሎ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ ወጣ። እናቴ የተንጠባጠበውን ሰም መፋቅ ጀመረች። ልጅ ምስጢር ሲያምኑት ይጎብዛል ይላሉ፤ እኔ ግን ዶክተሩ ብቅ ባለ ቁጥር አፌን በእጄ እይዝ ነበር።

ረቡዕ አክስቴ መጣች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ አፏም እንደ መቀሷ የተሳለ። ስልኩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ገና ሳታርፍ ጀመረች።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ጄሶ ስትበዪ ልትሞቺ ነው?»

«እትዬ ቀስ በዪ፣ ልጅ አለች።»

«ትስማ። እናቷ ነሽ እንጂ የቤቱ ዕቃ አይደለሽ።»

«ኪራዩ ደሞዜን ጠቅልሎ ነው የሚወስደው። እዛ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፤ ውድ ነው። እዚህ ቢያንስ ጣሪያው የራሳችን ነው።»

«ባልሽስ ምን አለ?»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር የሚውል፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ከነጠባዩ የሚያውቅ ሰው። «እኔ ምን እላለሁ» አለ። «እዛ ሄጄ የማንን ቆጣሪ ላነብ ነው?»

«ባል ቆጣሪ ነው እንዴ፣ ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ የሚቀረው?» አለች አክስቴ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር። ያን ቀን መዝገቡን ማንጠልጠያው ላይ ሰቅሎ ወደ ግቢ ወጣ። እናቴ ከኋላው እያየችው «ብቻዬን ልሂድና ሲደላደልልኝ ልጥራቸው ይሆን?» አለች። እህቷን ትጠይቅ ራሷን አላውቅም። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኳት «ብቻዬን ልሂድ» የምትለዋን ነው። «ልጥራቸው» የምትለዋ በአንዱ ጆሮዬ ገብታ በሌላው ወጣች። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ ሐሳብ ስጨምርበት ወሬውን ቀነስኩት።

ሐሙስ ማለዳ ስነሳ አባቴ የለም። «ሥራ ሄዷል» አለችኝ እናቴ፤ መዝገቡ ግን ማንጠልጠያው ላይ ነበር። ቆጣሪ አንባቢ ያለ መዝገቡ ምን ሊያነብ ሄደ? ተጣልተዋል አልኩ በልቤ። እሷ ወደ ከተማዋ፣ እሱ ወደማላውቀው ቦታ፣ እኔ ደግሞ ለአክስቴ ልቀር ነው። ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም መንገድ ላይ የቆመ ወንድ ሁሉ እሱ ይመስለኝ ነበር። መምህሯ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማኋትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። ጫማው የኛ ሰፈር ያልሆነ ጥቁር አቧራ ለብሷል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አጠገቤ አልፎ መኝታ ቤት ገባ፤ እናቴ ተከትላው ገብታ በሩን ዘጋችው። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ እሱ ብቻ ነበር፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «አይሆንም፤ አንተን እንዲህ አድርጌማ አይሆንም» ትላለች። «ይሆናል አልኩሽ፤ ይሆናል» ይላታል። ከዚያ ሳሏ መጣ፤ የታወቀብኝ መስሎኝ ከበሩ ሸሸሁ።

ያን ቀን የት እንደዋለ ከብዙ ዓመት በኋላ የነገረችኝ አክስቴ ናት። በመጀመሪያው አውቶቡስ ትልቁ ከተማ ሄዶ፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲንከራተት ውሎ፣ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ለመቀጠር ተስማማ። ከከተማው ዳር ሦስታችንን አጨናንቃ የምትይዝ አንዲት ክፍልም አገኘ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር እያንኳኳ «መብራት ነኝ» ሲል የኖረ ሰው፣ የሰው በር ሊጠብቅ ቃል ገብቶ መጣ። እናቴ ያለቀሰችው ለዚህ ነበር። ያን ዕለት ከዚያ በር ጀርባ፣ ሦስታችንም እንድንሄድ ተወስኗል።

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። እኔ የሰማሁት፣ የምትወደው ከተማ ያላት ሴት በእኔና በአባቴ ምክንያት ታስራ ስታለቅስ ነው። ግቢ ወጥቼ በተደፋው በርሜል ላይ ተቀመጥኩና አሰብኩ፤ ከዚያ በፊት እንደዛ አስቤ አላውቅም። እኔ አንድ ነገር በጣም ስወድ «እማዬ በሞቴ» ብዬ እለምናታለሁ። እሷስ አሁን እኔን «በሞቴ» ብላ ትለምነኝ? አፈርኩ። ትሂድ አልኩ። ትሂድ፣ እኛ እንችለዋለን። ይህን ስወስን አፍንጫዬም ዓይኔም አንድ ላይ ይፈስ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እናቴ የክት ጫማዋን አደረገች። ሳይናገሩ ሹልክ ማለት አይሆንላትም፤ መጀመሪያ ለዶክተሩ ፊት ለፊት ልትነግረው ነው። እኔን በሩ ላይ አቁማ አስጠናችኝ።

«አክስትሽ ትመጣለች። ስልክ ከተደወለ እናቴ ስድስት ሰዓት ላይ ራሷ ትደውላለች በዪ። ሌላ ምንም። ምን ትያለሽ?»

«እናቴ ስድስት ሰዓት ላይ ራሷ ትደውላለች።»

«ጎበዝ።» ግንባሬን ሳመችኝ። ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር።

አክስቴ መጣች፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ግን አንዲት ደንበኛዋን በር ላይ አግኝታ ወሬ ያዘች። ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። በሁለት እጄ አነሳሁት።

«ሃሎ» አለ አንድ የወንድ ድምፅ። «የጥርስ ባለሙያዋ ቤት ነው?»

«አዎ። እናቴ ስድስት ሰዓት ላይ ራሷ ትደውላለች።»

«ልጇ ነሽ? ጎበዝ ልጅ። እኔ እኮ አሁን ስብሰባ ልገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ሐሳቧን ባውቅ ጥሩ ነበር። እናትሽ ምን ወሰነች? ሰምተሻል?»

የታዘዝኩትን ተናግሬ ጨርሻለሁ። ስልኩን መዝጋት ነበረብኝ። ግን ሰውየው ሊገባ ነው፤ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ቢዘጉባትስ? እናቴ ደግሞ በራሷ አፍ «እወዳችኋለሁ» አትልም፤ እንኳን ለባዳ ለእኛም ብላን አታውቅ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

«ከተማችሁ ውድ ነው ብላለች።»

«እንደሱ አለች?»

«አዎ። በጣም ውድ ነው፣ ከአቅሜ በላይ ነው ብላለች። ስታለቅስ ነበር።»

«አይ…» አለ ሰውየው፤ ድምፁ ደከመ። «እውነቷን ነው። እኛም እዚሁ እየኖርን የምንለው እሱኑ ነው። ያልመጡት ሁሉ እንደዛ ብለው ነው።»

እንዴት ያለ ከተማ ነው አልኩ በሆዴ፤ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚወደው!

«በይ እሺ የኔ ልጅ። ሰላም በያት። ብትመጣ ደስ ይለን ነበር በያት።»

«ነበር»ን አልሰማኋትም። ስልኩን አስቀምጬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴን ሸኘኋት። በገዛ አፌ፣ ለማላውቀው ሰው፣ ሰጥቼ ላክኋት።

ለትምህርት ቤት ደብተሬን ስይዝ እናቴ መጣች። መቅረጫዎቿንና ሞረዷን በጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች፤ ከዶክተሩ ጋር ጨርሳለች ማለት ነው። ፊቷ ግን የጨረሰ ሰው ፊት አልነበረም። ቁጢጥ ብላ ቁመቴ ጋ ወረደች።

«ስልክ ተደውሎ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አልሽው?»

«አንቺ ያልሽውን።» ከዚህ በላይ ብናገር ማልቀሴ ነው። እሷ ሳትሄድ ማልቀስ ደግሞ ነገሩን ያበላሸዋል።

የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለች፤ የተስተካከለ ነበር። «እዛ ከተማ መሄድ… አንቺ አትፈልጊም?»

እኔን ይዛኝ ልትሄድ አስባ ነው አልኩ፤ አባቴስ? ብቻውን ከቆጣሪ ጋር ሊቀር? በደንብ አስቤበት፣ እንደ ትልቅ ሰው መለስኩላት። «እማዬ፣ አታስቢ። እኛ እዚሁ እንሆናለን።»

ከዚያ አቀፈችኝ፤ ጄሶና አልኮል ይሸታል አንገቷ። «እሺ» አለችኝ። «እሺ የኔ ልጅ። አይዞሽ።» ትምህርት ቤት እስክደርስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ደግሞም ኮራሁ።

አመሻሹ ላይ ስመለስ አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን እናቴ ሆድ ላይ አስደግፎ ያለቅሳል፤ እሷ ቆማ ጸጉሩን ትዳብሳለች። እየተሰነባበቱ ነው አልኩና ከበሩ ተመለስኩ። በማግስቱ ሻንጣዋን ስጠብቅ፣ ያን ጥቅል ይዛ ወደ ዶክተሩ ሄደች። እንዴት ብሎ መልሶ እንደተቀበላት አልነገረችንም፤ ግን ከዚያ በኋላ በግድግዳው በኩል «አሜን» ሲል ከአፏ ቃል ወጥቶ አያውቅም። በሳምንቱ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ብዬ ጠየቅኋት። «የትም አልሄድም፣ አትፍሪ» አለችኝ። ከተማው እምቢ አላት አልኩ። በካርታ ላይ ሳየው እንኳ በጣቴ እሸፍነው ነበር፤ እናቴን ያህል ሰው ወዳው ያልወደዳት ከተማ።

የገባኝ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ አክስቴ ሱቅ ውስጥ ነው። አንዲት ሴትዮ ጨርቅ እያስቆረጠች ልጇን ልትጠይቅ ትልቁ ከተማ እንደሄደች ታወራለች። «ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው። ከአቅም በላይ ነው» አለች። ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። አክስቴ «ምነው ገረጣሽ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሰሙን ይዞ ወርቁ ያመልጠዋል ይባላል፤ እኔ ወርቅ ስፈልግ ሰሙ አመለጠኝ፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ሰም ስታቀልጥ የምትውል እናት ልጅ ሆኜ።

ልነግራት ነበር። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ሆነ፤ ሳሏ ሲብስ ደግሞ አፌ ይበልጥ ታሰረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ተመልሶ አይለቀምም። እናቴ በዚያች መስኮት አልባ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ጨምራ ሠራች፤ ሐኪም «ሳንባዎ ከዚህ በላይ አይችልም» ሲላት ነው ያቆመችው። ዛሬ እኔ አርባ አልፎኛል፤ እሷ ሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ተቀምጣ ነው የምትተኛው።

ባለፈው ወር ልጠይቃት ሄጄ፣ አባቴ ኩሽና ውኃ ሲያፈላ፣ ተነፈስኩት። ስለ መምህሯ፣ ስለ አጎት፣ ስለ ስልኩ፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ውድ ማለት የምወደው መስሎሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባት፤ ጀርባዋን ደግፌ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ሲያልፍ አትስቅም ነበር።

«ሰውየው እኮ ጠብቆኝ ነበር» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ከመንገድ ስልክ ደወልኩለት። ልጅሽ እንዲህ ብላኝ ሌላ ሰው አቅርቤያለሁ፤ ግን የሱ የቅጥር ደብዳቤ ገና አልተፈረመም፤ የልጅ ወሬ ከሆነ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ንገሪኝና እመልሰዋለሁ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?» ድምፄ ጮኾ ወጣ።

«አንቺን መጥቼ ጠየቅሁሽ። እኛ እዚሁ እንሆናለን አልሽኝ። ይቺ ልጅ እንዳንሄድ ብላ ለማታውቀው ሰው እስከመናገር ከደረሰች፣ ጎትቼ ብወስዳት ምን ዋጋ አለው አልኩ።»

«እማዬ፣ እኛ ስልሽ እኔና አባዬን እኮ ነው። አንቺን ልሸኝሽ ነበር።»

ብርድ ልብሱን በጣቷ ታለሰልሰዋለች። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት የአንዲት ቃል ጥፋት ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ። አለቀስኩ፤ ምን ልሁን? የስምንት ዓመቷን ልጅ ይዤ አፏን በእጄ ብዘጋው ደስ ባለኝ።

«አይ ወላቃዋ» አለችኝ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ኩሽናው አየች። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ።»

«ለምን?»

«አንተን ዘበኛ አድርጌ እኔ ኃላፊ አልሆንም ብዬ ነው የቀረሁለት። ሌላ ምን ልበለው? ልጃችን ናት ያስቀረችኝ ብዬ ብነግረው በምን ዓይን ሊያይሽ ነው? ለሱ ስል የቀረሁ ይመስለዋል። ይምሰለው።»

አባቴ የሚተን ውኃ በሳህን ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ ያደርግላታል፤ እሱ ካልሆነ ማንም ውኃውን እንዲያሞቀው አይፈቅድም። «ምን እያላችሁ ነው?» አለ።

«ስለ ኑሮ ውድነት» አለች እናቴ።

«እሱማ ተወርቶ ያልቃል?» ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠና ፎጣውን ጭንቅላቷ ላይ አለበሳት። ጀርባዋን በመዳፉ እየደባበሰ ወደ እኔ ጠጋ አለ፤ ፎጣው ሥር እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናትሽ እኮ ለኔ ስትል ስንት ነገር ትታለች። አንቺ ልጅ ስለነበርሽ አታውቂም።»

ፎጣው ሥር ያለው ትንፋሽ ቆም አለ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አልኩት።